የጠጠሬ እድር ስፖንዳ ያዥ

አንድ ቀን ደሴ ውስጥ፣ ጠጠሬ በምትባል ዳገታማ ሰፈር፣ ጓንጉል የሚባል ፀጉር አስተካካይ ከእድር ሊባረር ደረሰ። ሰው አልደበደበ፣ አልሰረቀ፣ ከለቅሶ አልቀረ። ጥፋቱ ማማተቡ ነው። ነገሩ ግራ እንደሚያጋባችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመኪናዋ ልጀምርላችሁ።

እድራችን አንዲት ፒካፕ አለችው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱን ወደ ለቅሶ ቤት የምታደርስ እሷ ናት። ሬሳውንም ዳገቱን አውጥታ ሚካኤል የምታደርስ እሷው ናት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ጎማዋም አይታማም። ችግሯ ከኋላዋ ነው። ጭነት እንዳይወርድ ከኋላ የሚዘጋው መዝጊያ፣ እኛ ስፖንዳ የምንለው፣ አልዘጋ ብሏል። ገፍተህ ስታስጠጋው «ቀጭ» ይላል፣ የተዘጋ ይመስልሃል። መኪናዋ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትረግጥ ግን «ዷ!» ብሎ ይዘረገፋል።

እንዴት ተበላሸ ብትሉ፣ ስፖንዳ ወደ ታች ሲዘረጋ ጠረጴዛ ይመስላል፤ የኛ እድር ደግሞ ጠረጴዛ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ሽንኩርት ተከተፈበት፣ ሥጋ ተዘለዘለበት፣ ከቀብር መልስ የደከማቸው ወፋፍራም ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀመጡበት። ያም ሆኖ ችሎ ነበር። የገደለው ንግግር ነው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቅአፈራው ይባላሉ። ደህና ሰው ናቸው፣ ብቻ ንግግር ይወዳሉ። በየቀብሩ ስፖንዳው ይዘረጋና እሳቸው ሽቅብ ይወጡበታል። ከዚያ ሟቹን ትተው ስለ እድሩ፣ እድሩን ትተው ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። ደስ የሚላቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ በቀኝ እግራቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። መሬቱ ግን መሬት አይደለም፣ ስፖንዳ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሲረገጥ ኖሮ ማጠፊያው ተጣመመ።

አባላችን ሰይድ ጋራዥ አለው። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ነገሩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ናት። የተጣመመውን ማጠፊያ አቃናለሁ፣ የመቀርቀሪያው ሞላ ደክሟል፣ እሱን እቀይራለሁ። ጭቃውን አጥቤ ግራሶ እቀባለሁ፣ የላላውን ብሎን አጠብቃለሁ። ለእድሬ ነው፣ በነጻ ነው። ብቻ ከዚያ በኋላ ሰው አይቁምበት።»

«ሰው አይቁምበት ስትል፣» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራው፣ «ማንን ነው?»

«ኧረ ማንንም አይደለም፣ ጋሼ! እንዲያው በጠቅላላው ነው።»

«በጠቅላላው ከሆነ ተቀመጥ።»

ጋሽ ወርቅአፈራው በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ሰው መኪና ጋቢና ተቀምጠው አዲስ አበባ ደርሰው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና የማያውቁት ነገር የለም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ቀጠሉ።

«ስሙ። ብረት ጋራዥ አያስለምዱትም። አንዴ የቀመሰ ብረት በየወሩ ውሰዱኝ ነው የሚለው። ግራሶ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። እናንተ ዝገት ዝገት ትላላችሁ፤ ዝገቱ ነው አንድ ላይ ይዞት ያለው! ስፖንዳው ጤነኛ ነው። የሚጎድለው የሚይዘው ሰው ነው።»

በዚህ ዓይነት የስፖንዳ ያዥ ሹመት ተፈጠረ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ድንኳን ተካይ በተራ፣ ውኃ ቀጂ በተራ እንደሆነ ሁሉ፣ ስፖንዳ ያዥም በተራ ሆነ። ተረኛው ከኋላ ጭነቱ ላይ ይቀመጥና፣ በሁለት እጁ ስፖንዳውን ጨምድዶ ይዞ፣ እግሩን ጎንና ጎን አንፈራጥጦ ዳገቱን ይወጣል። ሬሳ የተጫነ ቀን ደግሞ ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚይዘው። እግዜር ይመስገን፣ እስካሁን ሚካኤል ሳይደርስ የወረደ ሟች የለንም። ግን መቼ ነው የሚወርደው እያለ ሁሉም ይሰጋል፤ ሁሉም ደግሞ ዳኛውን ይፈራል።

ጓንጉል ብቻ ነው አፉ የማያርፈው። ተራው በደረሰ ቁጥር ፀጉር ቤቱ በር ላይ «ስፖንዳ ሊይዝ ሄዷል» ብሎ ይለጥፋል። ሰው የሚላጨው ፀጉሩ ስላደገ መሆኑ ቀርቶ ጓንጉል ስለ ስፖንዳው ዛሬ ምን አለ ብሎ ለመስማት ሆነ። ወሬው ጋሽ ወርቅአፈራው ጆሮ እየደረሰ ሆዳቸው ሻክሯል። ፀጉራቸውን እንኳ ሌላ ሰፈር ሄደው መስተካከል ከጀመሩ ቆይተዋል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነ ቀን ከሚካኤል በላይ ለቅሶ ነበር። ፒካፗ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ከሁሉም በላይ ትልቋን ብረት ድስት ጭና ዳገቱን ተያያዘችው። ያቺን ድስት ጎላ ነው የምንላት፤ እትዬ አሰለፈች የሚባሉት የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ከልጆቻቸው እኩል ነው የሚያይዋት። ጋሽ ወርቅአፈራው ጋቢና ናቸው። ከኋላ ተረኛው ጓንጉል ስፖንዳውን ጨምድዶ ተቀምጧል።

መኪናዋ ሚካኤል ደጅ ስትደርስ ጋሽ ወርቅአፈራው ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። ሾፌሩ አማተበ። ጓንጉልም ከናቱ ጋር ያደገበት ደጅ ነው፤ እጁ ሳያማክረው ወደ ግንባሩ ሄደ።

«ዷ!»

ወንበሮቹ ወረዱ፣ የድንኳኑ ብረት ተንኮሻኮሸ፣ ጎላ ግን መውረድ ብቻ አልበቃትም። በጎኗ ተገልብጣ ቁልቁል መንከባለል ጀመረች። ጓንጉል ዘሎ ወርዶ ሮጠ። «ያዟት! ያዟት!» ይላል። ማን ይይዛታል? የሚመጣውን ያየ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጎላ ጠጠሬን አልፋ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ታች ሰፈር ገባች።

ታች ሰፈር ሲባል ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። የታች ሰፈር እድርና የኛ እድር ድሮ አንድ ነበሩ። ድንኳኑ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ጠብ ተለያዩ። የታች ሰፈሩ ዳኛ ጋሽ ከልካይና የኛው ጋሽ ወርቅአፈራው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም፤ መንገድ ላይ ከተያዩ አንዱ ይሻገራል። ጋሽ ከልካይም ንግግር ይወዳሉ፣ የጠቡም ዋና ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለካ ታች ሰፈርም የዚያን ቀን ለቅሶ ኖሯል። ጎላ ተንከባልላ ሄዳ ሰማያዊው ድንኳናቸው በር ላይ ቀጥ አለች። የነሱ ትልቅ ድስት ደግሞ ጠዋት ቂጧ ተበስቶ ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። «እግዜር ላከልን!» ብለው አቀኗት፣ አጠቧት፣ ምስር ወጥ ሠሩባት፣ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ አበሉባት። ጓንጉል ደርሶ ድስቷን ስጡኝ ቢል «ሰው እየበላ ድስት ይነሳል እንዴ? አንተም ና ቅመስ» ብለው አስቀመጡት። በላ። ምን ያድርግ?

ጎላ በማግስቱ ተሸክመው አመጧት። ጥርት ብላ ታጥባ፣ ከኛ ዘንድ ሳለች አይተነው የማናውቀው መልክ አውጥታ። ከጋሽ ከልካይም መልእክት አላት፦ «ስላዋሳችሁን እግዜር ይስጥልን። ሌላም ካላችሁ በዚያው መንገድ ላኩልን።»

ጋሽ ወርቅአፈራው ይህን ሲሰሙ ምሳ አልበላም አሉ። ለእሑድ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ጓንጉልን ከእድር ማሰናበት።

ሌላ አገር ከማኅበር መባረር ምን እንደሆነ አላውቅም። እኛ ጋ ከእድር መባረር ማለት ቤትህ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሳጥን የሚሸከም፣ «እግዜር ያጥናህ» የሚል የለም ማለት ነው። ጓንጉል ለራሱ ቢሆን ቀልዶ ያልፈው ነበር። እናቱ ግን አርጅተው ተኝተዋል። ምግቡንም መድኃኒቱንም ትተው ጠዋት ማታ የሚያወሩት ስለ ቀብራቸው ነው። «ጠጠሬ ሁሉ ይወጣልኛል፣ አይደል ልጄ?» ይሉታል። እሑድ ጠዋት ሲወጣም ይህንኑ ጠይቀውት ነው የመጣው። የዚያን ቀን ፊቱን አየሁት፤ ጓንጉል ፈርቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፣ አሳዘነኝ።

ጋሽ ወርቅአፈራው ብድግ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ስፖንዳ ስለሌለ ወንበር ላይ ወጡ።

«ክሱ ግልጽ ነው። ይህ ሰው አደራ የተሰጠውን ስፖንዳ ለቀቀ። የእድራችንን ጎላ ለጠላት አስረከበ። ከጠላት ጋርም ተቀምጦ በጎላዋ በላ! ጓንጉል፣ ስፖንዳውን ለቀሃል አለቀቅህም?»

«ለቅቄያለሁ፣ ጋሼ። ሚካኤል ደጅ ስደርስ ሳላማትብ ልለፍ?»

«በአንድ እጅህ ታማትባለህ፣ በአንድ እጅህ ትይዛለህ!»

«በአንድ እጅ አይያዝም፣ ጋሼ። እንግዲህ ሚካኤል ይቅር ይለኛል ብዬ ሳላማትብ ማለፍ ነበረብኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። እትዬ አሰለፈች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሽ ወርቅአፈራው ወንበሩን በእግራቸው መታ አደረጉ፣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ቀልድ አይደለም! ስፖንዳው ምን ሆነ? ስፖንዳው ጤነኛ ነው!»

«ጤነኛ ከሆነ፣ ጋሼ፣ አስታማሚ ምን ይሠራለታል?»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለጓንጉል አልበጀውም። ዳኛው ተናደዱ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ድምፃቸው ወፈረ።

«በቃ። ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ የኛ አይደለም። የሱ ሬሳ የኛ ሬሳ አይደለም፣ የእናቱም እንዲሁ። የምትቃወሙ አላችሁ?»

«የእናቱም» ሲባል እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና «ጋሼ፣ ኧረ በሞቴ…» ብለው ጀመሩ። «ኋላ ይናገራሉ» ተባሉ። ሌላ የተነሳ የለም። አፈርኩ፣ እኔም አልተነሳሁም።

«የመጨረሻ ቃል ካለህ ተናገር» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራው።

ጓንጉል ቀስ ብሎ ቆመ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ እናቴን ባያነሷት ደስ ባለኝ። ፍርዱን ግን ሰምቻለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላስረክብ። ስፖንዳ ያዥነቴን።»

«አያስፈልግም! ተረኛ ሞልቷል።»

«እሱን ነው የምለው። ሁላችንም አንድ ቀን በዚያች መኪና ዳገቱን እንወጣለን። አያምጣው እንጂ፣ እርስዎም ይወጣሉ። የዚያን ቀን ስፖንዳውን የሚይዘው ማን እንደሆነ አውቄ ብሄድ ልቤ ይረካል።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እናንተ፣ ከእንግዲህ የለቀቀ ከነእናቱ እንደሚባረር ሰምታችኋል። በጋሽ ወርቅአፈራው ቀን፣ ሚካኤል ደጅ ሳላማትብ አልፋለሁ፣ ስፖንዳውንም አልለቅም የሚል እጁን ያውጣ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ እጅ አልወጣም።

ጋሽ ወርቅአፈራው ከወንበሩ ላይ ሆነው ፊት ለፊት ያሉትን አዩ። የፊተኞቹ ወደ ጣሪያው አዩ። ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ ማማተቡ አይመለከተውም፣ ስፖንዳውን ግን ከሁሉም አብልጦ ያውቀዋል፤ ጫማው ላይ አንዳች ነገር አገኘና ይመረምር ጀመር። ወደ ገዛ አማቻቸው ዞሩ፤ አማችየው ሳል ያዘው። የዳኛው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ።

«አንድ… አንድ ሰው ይጠፋል? ከዚህ ሁሉ ሰው? ማንም ካልያዘ እኔ ምን ልሆን ነው?»

ጓንጉል ባርኔጣውን አነሳ።

«ግድ የለም፣ ጋሼ፣ አይጨነቁ። ጋሽ ከልካይ ሌላም ካላችሁ በዚያው መንገድ ላኩልን ብለው የለ? ተንከባልለው እዚያው ሰማያዊው ድንኳን በር ላይ ቀጥ ይላሉ። ጎላን ሳይሠሩባት አልመለሷትም፤ እርስዎንም ሳይቀብሩ አይመልሱዎትም። የቀብር ንግግሩንም ጋሽ ከልካይ ያደርጉልዎታል።»

መጀመሪያ የፈነዱት እትዬ አሰለፈች ናቸው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተደረመሰ፤ ሰይድ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ የአማችየው ሳል ሳቅ ሆኖ ወጣ። ያልሳቁት ጋሽ ወርቅአፈራው ብቻ ናቸው። ወንበሩ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸው ሩቅ ሄዷል። ሰማያዊውን ድንኳን እያዩ፣ ጋሽ ከልካይ በሳቸው ሬሳ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ እየሰሙ ይመስላሉ። ቀስ ብለው ከወንበሩ ወረዱ። «ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» አሉ። የጓንጉል መባረርም አብሮ እንደተላለፈ ቀረ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ሰኞ ጠዋት ሰይድ ጋራዡን ሊከፍት ሲመጣ ፒካፗ ቀድማው በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ወርቅአፈራው ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ጎንና ጎን አንፈራጥጠው፣ ስፖንዳውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።